የዓለት እጥፋት፦ ቅርጹ፣ ዓይነቱና ስሙ የሚነግረን ነገር

ዓለት ይሰበራል እንጂ ይታጠፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። መዶሻ ያረፈበት ድንጋይ ሲፈረካከስ እንጂ ሲተጣጠፍ አላየንምና አይፈረድብንም። ይሁን እንጂ ለመንገድ ሥራ በተቆረጡ ገደሎች፣ ወንዝ በሸረሸራቸው ሸለቆዎችና በባሕር ዳርቻዎች እንደ ጋቢ የተጣጠፉ የዓለት ንብርብሮች በብዙ አገሮች ይታያሉ። ይህን የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጠፈው?» ብሎ ነው። እኔ በሥነ ምድር ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ከዚህ የሚብስ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳለ ነው። «እጥፋቱ ከምናየው ቦታ አልፎ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ማለቴ ነው። ግድብ የሚሠራው መሐንዲስም፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውም፣ ወርቅ የሚፈልገውም ሥራቸው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነው።

በዛሬው ጽሑፌ እጥፋት ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት፣ ጂኦሎጂስቶች በምን መስፈርት እንደሚለዩትና ስም ማውጣቱ ለምን ከቃላት ጨዋታ በላይ እንደሆነ በተቻለኝ መጠን ግልጽ አድርጌ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጠንካራው ነገር እንዴት ታጠፈ?

ለዚህ ጥያቄ በሙከራ መልስ ከሰጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ሆል ነው። ሆል በአገሩ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ የተጣጠፉ ንብርብሮችን አይቶ ስለነበር ነገሩን ቤቱ ውስጥ ሊሞክረው ፈለገ። የጨርቅ ቁርጥራጮችን ጠረጴዛ ላይ ደራረበ፤ በላያቸው በር አጋደመና ክብደት ጫነበት። ከዚያም በግራና በቀኝ ሳንቃ አቁሞ ሳንቃዎቹን በመዶሻ እየመታ ወደ መሐል ገፋቸው። ጨርቆቹ በባሕሩ ዳርቻ እንዳያቸው ንብርብሮች ተጣጠፉ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1815 አሳተመ።

በሙከራው ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ከላይ የሚጫን ክብደትና ከጎን የሚገፋ ኃይል። በተፈጥሮ ደግሞ ሙቀትና ጊዜ ይጨመሩበታል። ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓለት በሙቀትና በጫና ተይዞ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሚጓዙ የምድር ቅርፊት ክፍሎች መካከል ለሚሊዮን ዓመታት ሲጨመቅ፣ መዶሻ እንዳረፈበት ድንጋይ አይፈነዳም፤ ቀስ እያለ ይታጠፋል። ዛሬ እጥፋቱን ፀሐይ ላይ የምናየው በላዩ የነበረው ሁሉ ተሸርሽሮ ስላለቀ ነው።

ያልታጠፈ ንብርብር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ አንባቢ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲጓዝ የዓባይን ሸለቆ ያስተውል። ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ባዛልት በአብዛኛው እንደ እንጀራ ድርብ ተነጥፈው ይገኛሉ። ደለል ሲከማች የሚይዘው አቀማመጥ ይህ ነው። ከዚህ የወጣ ጎንበስ ቀና ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

የእጥፋት አካላት

ለተማሪዎቼ እጥፋትን ሳስረዳ የምጠቀመው በየቤታችን ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ያለ ነው። ቆርቆሮው ከሁሉ በላይ የሚጎብጥበት መስመር፣ እንዲሁም ከሁሉ በላይ የሚጎደጉድበት መስመር «የማጠፊያ መስመር» ይባላል። በሁለት ማጠፊያ መስመሮች መካከል ያለው ዘንበል ያለ ክፍል የእጥፋቱ «ጎን» ነው። አንድ እጥፋት አንድ ማጠፊያና ሁለት ጎኖች አሉት።

አሁን ብዙ ቆርቆሮዎችን አንዱን በአንዱ ላይ እንደርብ። እያንዳንዱ ቆርቆሮ የራሱ ማጠፊያ መስመር አለው። እነዚህን መስመሮች ከላይ እስከ ታች የሚያገናኘው በሐሳባችን የምንሥለው ገጽ «አካፋይ ገጽ» ይባላል፤ እጥፋቱን ግራና ቀኝ አድርጎ ይከፍለዋልና።

ጣሪያው ሌላም ነገር ያስተምረናል። ውኃ እንዲወርድ ተብሎ ቆርቆሮው ሲዘነብል የማጠፊያ መስመሮቹም አብረው ይዘነብላሉ። የዓለት እጥፋትም እንዲሁ ነው። የማጠፊያ መስመሩ አግድም ሊተኛ ይችላል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዘነበለ ወደ ምድር ውስጥ ከጠለቀ ደግሞ «ጠላቂ እጥፋት» እንለዋለን። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ገደል ላይ የሚታየው የእጥፋት ሥዕል ልክ እንደ ቆርቆሮው ጫፍ ነው። ጫፉን ብቻ ያየ ሰው ጣሪያው ወዴት እንደሚያዘነብል አያውቅም።

ጉብ ሁሉ አንቲክላይን አይደለም

በትምህርት ቤት የተማርነው ወደ ላይ የጎበጠው አንቲክላይን፣ ወደ ታች የጎደጎደው ሲንክላይን ነው የሚል ነበር። ትርጉሙ ለመጀመሪያ ያህል ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። ትክክለኛው መለያ የንብርብሮቹ ዕድሜ ነው። በእጥፋቱ እምብርት ላይ አሮጌው ንብርብር ካለ አንቲክላይን፣ ወጣቱ ካለ ሲንክላይን ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው የዓለት ንብርብሮች አንዳንዴ ጨርሰው ስለሚገለበጡ ነው። ተገልብጦ የተነጠፈ የእንጀራ ድርብ እንደገና ቢጎብጥ ቅርጹ ጉብ ሆኖ ሳለ በእምብርቱ የሚገኘው ወጣቱ ንብርብር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጂኦሎጂስት ስም ከመስጠቱ በፊት የንብርብሩን ላይና ታች ይፈልጋል። የጥንት ሞገድ በአሸዋ ላይ የተወው ሽብሽብ፣ ከታች ሸካራ ከላይ ደቃቅ ሆኖ የተከማቸ ደለል፣ የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ እነዚህ ሁሉ ንብርብሩ ሲፈጠር የትኛው ፊቱ ወደ ሰማይ እንደነበር ይመሰክራሉ።

የመሬቱ ገጽታም ማታለሉ አይቀርም። ጉብ እጥፋት ተራራ፣ ጎድጓዳው ሸለቆ መሆን ያለበት ይመስላል። ነገር ግን በዌልስ ከሁሉ ከፍ የሚለው የስኖውደን ተራራ፣ 1,085 ሜትር ቁመት ያለው፣ አናቱ የሚገኘው በሲንክላይን ላይ ነው። መሸርሸር ዙሪያውን ሲበላው ጎድጓዳው እጥፋት ተርፎ ተራራ ሆነ።

በአገራችን ለዚህ ትምህርት እንደ ነጋሽ ያለ ቦታ አይገኝም። ነጋሽ ከውቅሮ በስተሰሜን፣ በመቀሌ ዓዲግራት መንገድ ላይ ናት፤ ብዙ ሰው የሚያውቃት በጥንታዊው መስጊዷ ነው። በጂኦሎጂስቶች ዘንድ ደግሞ በሲንክላይኗ ትታወቃለች። ዳርና ዳሩ ላይ ከእሳተ ገሞራ የመጡ አሮጌ ዓለቶች አሉ። ወደ መሐል ሲገባ በጭቃና በኖራ ደለል የተፈጠሩ ወጣት ንብርብሮች ይከተላሉ። እምብርቱ ላይ የበረዶ ግግር ያመጣው ልዩ ልዩ መጠን ያለው ድንጋይ የተቀላቀለበት ንብርብር ይገኛል። ይህ ንብርብር ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው፣ መላዋን ምድር ሳይሸፍን አልቀረም ከሚባለው ታላቅ የበረዶ ዘመን ጋር የተያያዘ በመሆኑ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር መጥተው ያጠኑታል።

ታዲያ ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፈ? መልሱ የእጥፋቱ ቅርጽ ነው። ሲንክላይን ወጣቱን ንብርብር ወደ ታች ጎትቶ እቅፉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መሸርሸር ከፍ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ሲወስድ በጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ተረፈ። በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ በብዙ ቦታ ደግሞ በእነዚህ የተጣጠፉ ዓለቶች ላይ ጠፍጣፋ የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፎ ይታያል። ከታች የታጠፈ፣ ከላይ ያልታጠፈ ሲሆን መታጠፉ፣ ከፍ ማለቱና መሸርሸሩ ሁሉ የአሸዋ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ማለቁን እንረዳለን።

በማዕዘንና በአቀማመጥ መለየት

ከዕድሜ ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ ነው። ፍሉቲ የተባለው ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው አከፋፈል እስካሁን በሰፊው ይሠራበታል። መጀመሪያ የሚለካው በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ማዕዘን ነው፡-

• ከ180 እስከ 120 ዲግሪ ከሆነ ገር እጥፋት፣
• ከ120 እስከ 70 ከሆነ ክፍት እጥፋት፣
• ከ70 እስከ 30 ከሆነ ቀረብ ያለ እጥፋት፣
• ከ30 በታች ከሆነ ጥብቅ እጥፋት፣
• ሁለቱ ጎኖች ትይዩ ከሆኑ ጎነ ትይዩ እጥፋት ይባላል።

ማዕዘኑ የጭመቃውን መጠን በግርድፉ ይነግረናል። ገር እጥፋት ጥቂት የተገፋ ነው፤ ጎነ ትይዩ የሆነው ግን እንደ ተዘጋ መጽሐፍ የተጨፈለቀ ነው። ጎነ ትይዩ እጥፋት አደገኛ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። ማጠፊያው ተሸርሽሮ ከጠፋ ወይም ከተቀበረ አንዱ ንብርብር ሁለት የተለያዩ ንብርብሮች መስሎ ይታያል። ያንን ያላስተዋለ ሰው የንብርብሩን ውፍረት እጥፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ ማዕድን ከሆነ ክምችቱንም እንዲሁ።

ሁለተኛው የአካፋዩ ገጽ ማዘንበል ነው። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ከሆነ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከ10 እስከ 80 ባለው መካከል ያዘነበለ ይባላል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ የተጋደመ ነው፤ በተጋደመ እጥፋት የታችኛው ጎን ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው። ሦስተኛው የማጠፊያ መስመሩ መጥለቅ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አግድም፣ ከ80 በላይ ከሆነ ቁልቁል የቆመ፣ በመካከሉ ያለው ጠላቂ ነው።

አንድ እጥፋት ሙሉ ስሙን የሚያገኘው ሦስቱ ሲሟሉ ነው። «ክፍት፣ ያዘነበለ፣ ወደ ሰሜን የሚጠልቅ ሲንክላይን» ብሎ የጻፈ ሰው ቦታውን ያላየ ሌላ ባለሙያ ቅርጹን በሐሳቡ እንዲሥለው በቂ ነገር ሰጥቷል።

ጠላቂ እጥፋት በካርታም ሆነ በሳተላይት ምስል ላይ በቀላሉ ይታወቃል። አግድም የሆነ እጥፋት ሲሸረሸር ንብርብሮቹ እንደ ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ጠላቂው ግን የፈረስ ኮቴ ብረት የመሰለ ቅርጽ ይሠራል። የአንቲክላይን አፍንጫ የሚያመለክተው መስመሩ ወደሚጠልቅበት አቅጣጫ ሲሆን፣ የሲንክላይን አፍንጫ የሚያመለክተው በተቃራኒው ነው።

በውፍረት መለየት

እስካሁን ያየነው የእጥፋቱን ውጫዊ ቅርጽ ነው። ጆን ራምዚ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ዓለት መታጠፍና መሰንጠቅ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ንብርብሩ ሲታጠፍ ውፍረቱ ምን እንደሚሆን በመመልከት ሦስት ዋና ክፍሎች አወጣ።

በመጀመሪያው ክፍል የውስጠኛው ኩርባ ከውጭኛው የጠበበ ነው። በዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚታወቀው ትይዩ እጥፋት የሚባለው ሲሆን፣ ንብርብሩ በጎኖቹም ሆነ በማጠፊያው እኩል ውፍረት አለው። ወፍራም መጽሐፍ ስንቆለምም ገጾቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ እንደሚታጠፉት ማለት ነው። በሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም በተመሳሳይ እጥፋት፣ የላይኛውና የታችኛው ኩርባ አንድ ዓይነት ነው፤ ለዚህም ንብርብሩ ማጠፊያው ላይ ይወፍራል፣ ጎኖቹ ላይ ይሳሳል። በሦስተኛው ክፍል የውስጠኛው ኩርባ ከውጭኛው የሰፋ ነው፤ ውፍረቱም ከሁለተኛው ክፍል ይበልጥ ማጠፊያው ላይ ይከማቻል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ትይዩ እጥፋት ወደ ጥልቀት በገባን ቁጥር ኩርባው እየጠበበ ሄዶ ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ የሆነ ጥልቀት ላይ ማቆሙ ግድ ነው። ተመሳሳይ እጥፋት ግን ቅርጹን ሳይለውጥ ብዙ ሊወርድ ይችላል። ላይ የታየ ቅርጽ ታች ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ትንበያ በዚህ ልዩነት ላይ ይመሠረታል።

ከስሙ የሚገኝ ጥቅም

ጥቅሙን በሦስት ምሳሌዎች ላሳይ። አንደኛው ነዳጅ ነው። ዘይትና ጋዝ ከውኃ ስለሚቀሉ በአንቲክላይን ጉብ ሥር ወደ ላይ ወጥተው፣ ከላያቸው የማያሳልፍ ንብርብር ካለ፣ እዚያው ይታጎራሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 በኢራን መስጂድ ሱለይማን የተገኘው ዘይትም ሆነ በ1948 የተገኘው የሳዑዲ ዓረቢያው ግዙፍ የገዋር ክምችት የሚገኙት በአንቲክላይን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የለንደን ከተማ የተቀመጠችው በሰፊ ሲንክላይን ላይ ነው። ከከተማዋ ሰሜንና ደቡብ ባሉ ኮረብቶች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነጭ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ በሸክላ ንብርብር ሥር ወደ መሐል ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃው በራሱ ግፊት ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ሦስተኛው ወርቅ ነው። በአውስትራሊያ ቤንዲጎ፣ ንብርብሮቹ እየተንሸራተቱ ሲታጠፉ በአንቲክላይኖቹ ማጠፊያ ላይ ክፍተት ተፈጥሮ ወርቅ የያዘ ነጭ ኳርትዝ ሞላው። ቅርጹ ኮርቻ ይመስላል። ማዕድን አውጪዎቹ አንዱን ኮርቻ ካገኙ በኋላ በዚያው አካፋይ ገጽ ላይ ወደ ታች ቆፍረው ሌላ ኮርቻ ያገኙ ነበር። የእጥፋቱን ቅርጽ ያወቀ ሰው የት እንደሚቆፍር አወቀ ማለት ነው።

ቫዮንት፦ የ1963ቱ እልቂት

የእጥፋት ቅርጽ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ሞትም ይዞ ሊቀመጥ እንደሚችል የሰሜን ጣሊያኑ ቫዮንት ምስክር ነው። በቫዮንት ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ከ260 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ሸለቆው የሚከተለው የኤርቶ ሲንክላይን የሚባለውን እጥፋት ነው። በስተደቡብ ያለው የቶክ ተራራ የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች የእጥፋቱ አንድ ጎን ናቸው። ከላይ ወደ ሸለቆው በኃይል ያዘነብላሉ፤ ወደ ታች ሲደርሱ ጠፍጠፍ ይላሉ። መገለጫው የወንበር ቅርጽ ነው፤ መደገፊያና መቀመጫ ያለው። በንብርብሮቹ መካከል ደግሞ ስስ የሸክላ ንጣፎች ነበሩ።

ግድቡ ውኃ መያዝ ሲጀምር ተራራው ምልክት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 መጀመሪያ 700,000 ሜትር ኩብ የሚሆን ክፍል ወደ ሐይቁ ተናደ፤ ከተራራው ከፍ ብሎም 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ታየ። የግድቡ ነዳፊ ልጅ የሆነው ጂኦሎጂስት ኤዶዋርዶ ሴሜንዛ ከባልደረባው ጋር ባካሄደው ጥናት በቦታው ጥንት የተንሸራተተ ግዙፍ የዓለት ክምር መኖሩን በዚያው ዓመት አመልክቶ ነበር። ሥራው ግን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 ማታ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ዓለት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ሐይቁ ወረደ። የተነሣው ማዕበል ግድቡን ተሻግሮ ሎንጋሮኔ የተባለችውን ከተማና አካባቢዋን ጠራርጎ ወሰደ። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ግድቡ ራሱ በአብዛኛው ሳይፈርስ ዛሬም ቆሟል። ኮንክሪቱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ከእጥፋቱ ጎን፣ ከሸክላው ንጣፍና ከውኃው ግፊት አንድ ላይ መገጣጠም የመጣ ነበር።

በእኔ እምነት የቫዮንት ትምህርት «ሲንክላይን ላይ አትገንቡ» የሚል አይደለም። ንብርብሩ ወደ ግንባታው ያዘነብላል ወይስ ከግንባታው ይርቃል? በመካከሉ የሚያንሸራትት ነገር አለ ወይ? ውኃ ሲገባበት ምን ይሆናል? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ግንባታ አይጀመር ነው ትምህርቱ። ተራራ እየቆረጥን መንገድ፣ ሸለቆ እየዘጋን ግድብ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ ከጣሊያን ታሪክነት አልፎ የራሳችን ነው።

መንገድ ላይ እጥፋት ሲያጋጥም

አንባቢ በጉዞው የታጠፈ ዓለት ቢያጋጥመው የሚከተሉትን ይመልከት። አንደኛ፣ ማጠፊያው የት ነው? ሁለተኛ፣ ሁለቱ ጎኖች ወዴት ወዴት ያዘነብላሉ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘንስ ሰፊ ነው ጠባብ? ሦስተኛ፣ የማጠፊያ መስመሩ አግድም ነው ወይስ ወደ ገደሉ ውስጥ ይጠልቃል? አራተኛ፣ የንብርብሩ ውፍረት ማጠፊያው ላይ ይለወጣል? አምስተኛ፣ የትኛው ንብርብር አሮጌ ነው?

ጎኑ ላይ ትንንሽ እጥፋቶች ካሉ ደግሞ አይለፋቸው። አሜሪካዊው ራፋኤል ፓምፔሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳስገነዘቡት ትንንሾቹ እጥፋቶች የትልቁን አቀማመጥ ይመስላሉ። በአንዱ ጎን የላቲኑን ፊደል ኤስ፣ በሌላው ጎን ዜድ፣ ማጠፊያው ላይ ደግሞ ኤም የመሰለ ቅርጽ ይይዛሉ። ስለዚህ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ እጥፋት ማጠፊያው በየትኛው በኩል እንዳለ የክንድ ያህል ርዝመት ካላት ትንሽ እጥፋት መገመት ይቻላል።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቆ የመለሰ ሰው ለእጥፋቱ ስም አውጥቶለታል። ስም ያወጣለት ሰው ደግሞ ያላየውን የከርሰ ምድር ክፍል በከፊል አይቶታል። ያላየነው ክፍል ነውና ውኃውንም፣ ወርቁንም፣ አደጋውንም የያዘው፣ ቸኩለን «ጉብ ነው፣ ጎድጓዳ ነው» ብለን አንለፈው እላለሁ። ቸር እንሰንብት።